ፎጣዬ አይደርቅልኝም

በዚህ ወር ከመጡልን ጥያቄዎች ሦስቱ ስለ ፎጣ ናቸው፣ ሦስቱም ደግሞ ከዚሁ ከጅማ ነው የተጻፉት፣ ስለዚህ አንድ ላይ አድርገናቸዋል።

ጥያቄ፦ እትዬ እንዴት ኖት፣ እኔ ቦሳ ነው የምኖረው የሁለት ልጆች እናት ነኝ። አምና ለቤቱ ሰው ሁሉ ወፍራም ወፍራም ፀጉራም ፎጣ ገዝቼ ነበር ዋጋውም ቀላል አልነበረም፣ በጋውን ደስ ብሎን ተጠቀምንበት፣ ሰኔ ከገባ ጀምሮ ግን ጠዋት የታጠብንበት ማታም ገና እርጥብ ነው፣ በነጋታው መሽተት ይጀምራል፣ አጥቤ ሳሰጣው ዝናቡ ይመጣል አስገባለሁ፣ ሲያባራ አወጣለሁ፣ እንዲህ ስል ሦስት ቀን ይፈጃል። አሁን ጎረቤቴ ከአዲስ አበባ ያመጣችው አንድ ፎጣ አለ፣ ትናንሽ አራት ማዕዘን ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው፣ ዋፍል ነው የሚባለው አለችኝ፣ ቶሎ ይደርቃል ትላለች። እኔ ግን ስይዘው ስስ ሆነብኝ። እንደዚ የሳሳ ነገር ውሃ ይመጥጣል ወይ? ድጋሚ ገንዘብ እንዳላባክን ፈርቼ ነው፣ ሲገዛስ ምን ምን ይታያል?

መልስ፦ እህቴ፣ የጻፍሽውን ሳነብ የኔን ቤት ገብተሽ አይተሽ የጻፍሽ ነው የመሰለኝ። እኔም ከዓመታት በፊት ነጭ ወፍራም ፎጣ ስድስት ገዝቼ (ሱቅ ውስጥ ስትዳብሺው እጅሽ ስምጥ ይላል፣ በዛ ነው የተሸነፍኩት) ሐምሌ ላይ ቁምሳጥኑን ስከፍተው የሚወጣው ሽታ እስከዛሬ ትዝ ይለኛል፣ ታጥቦ የገባ ፎጣ እኮ ነው! ያኔ ሳሙናውን ነበር የጠረጠርኩት፣ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ጅማ በዓመት ከ1,400 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚዘንብባት ከተማ ናት፣ መጋቢት አካባቢ ይጀምርና እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፣ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። ፎጣ የሚሸተው ስለቆሸሸ ብቻ አይደለም፣ ለረጅም ሰዓት እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ከቆዳችን የወጣውን ላብና ቅባት እየበሉ የሚባዙ ባክቴሪያዎች ናቸው ያንን ሽታ የሚያመጡት። እና ለኛ ከተማ ፎጣ ሲመረጥ የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ያህል ይለሰልሳል ሳይሆን በስንት ሰዓት ይደርቃል ነው ባይ ነኝ፣ ሱቅ ውስጥ ግን ይሄን የሚጠይቅ ሰው አላየሁም፣ ሁላችንም እንዳብሳለን እንገዛለን።

ወደ ዋፍሉ ልምጣ። ሸማ ሲሠራ ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ድሩና ማጉ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች እያሉ እኩል ከተጠላለፉ ጨርቁ ዝርግ ይሆናል፣ እንደ ነጠላ። በዋፍል ግን መሃሉ ላይ ጥብቅ ብሎ ይጠላለፍና ወደ ዳር ሲሄድ ክሩ ሌሎቹን ክሮች እየዘለለ ነው የሚያልፈው፣ እነዚያ የዘለሉት ክሮች ከፍ ብለው እንደ ግድግዳ ይቆማሉ፣ ጥብቅ ያለው መሃል ደግሞ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል። የማር እንጀራ አይተሽ የለ? ልክ እሱን ነው የሚመስለው፣ ፈረንጆቹም ይሄንን አሠራር በማር እንጀራ ስም ይጠሩታል። ያንቺ ፀጉራም ፎጣ ደግሞ ሌላ ነው፣ ከመደበኛው ድር በተጨማሪ ሌላ ድር ተጨምሮበት እሱ እየተቆለመመ ቀለበት ቀለበት ይሠራል፣ ያ ሁሉ ቀለበት ውሃውን ይይዛል ግን አይለቅም፣ ቀለበቶቹ ተጠጋግተው ስለተኙ ንፋስ መሃላቸው አይገባም።

ዋፍል ውሃ ይመጥጣል ወይ ላልሽው፣ አዎ ይመጥጣል፣ ጥጥ ከሆነና አንዴ ከታጠበ። ገላሽን የሚነካው ከፍ ያለው ክር ነው፣ ውሃው በሱ አልፎ ወደ ጉድጓዱ ይገባል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ደግሞ አየር ስላለ ሲሰጣ ከሁለቱም በኩል ነፋስ ያገኘዋል ቶሎ ይደርቃል። ግን ሁሉንም ልንገርሽ፣ በጠቅላላው የሚይዘው ውሃ ከወፍራሙ ያነሰ ነው። ለገላ ይበቃል፣ ረጅም ፀጉር ካለሽ ግን ለፀጉርሽ ሌላ ትንሽ ፎጣ ያስፈልግሻል። ሙቀትም አይሰጥም፣ ሐምሌ ጠዋት ከሻወር ወጥተሽ ተጠቅልለሽ ልትቀመጪበት ካሰብሽ አይሆንሽም፣ ለዛ ጋቢ አለልሽ። መጀመሪያ ላይ ሻከር ማለቱም እውነት ነው፣ አንዳንድ ሰው ይወደዋል ቆዳ ያሽልኛል ይላል፣ አንዳንዱ ደሞ አይወደውም፣ ከአራት አምስት እጥበት በኋላ ይለሰልሳል።

አሁን ሲገዛ የሚታየው። መለያው ላይ 100 በመቶ ጥጥ የሚል ፈልጊ። ፖሊስተር የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ከበዛበት ቶሎ መድረቁን ይደርቃል ግን ገላሽ ላይ ውሃውን ወዲህ ወዲያ ይገፋዋል እንጂ እንደ ጥጥ አይመጥጥልሽም። መለያ ከሌለው ወይ ካላመንሽው አንድ ብቻ ገዝተሽ ቤት ሄደሽ ከጠርዙ አንዲት ክር መዘሽ ሲንክ ላይ በክብሪት አቃጥያት፣ ልጆች በሌሉበት፣ ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይነድና ወረቀት ወረቀት ይሸታል፣ ሲነካ የሚበተን አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ግን ይቀልጥና ሲበርድ ጠጣር ዶቃ ነገር ይሆናል። ጥሩ ከሆነ ተመልሰሽ ሌሎቹን ትገዣለሽ።

ሌላው ክብደቱ ነው፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። ፎጣ ላይ ጂኤስኤም የሚል ቁጥር ካየሽ አንድ ካሬ ሜትር ጨርቅ ስንት ግራም ይመዝናል ማለት ነው። 70 በ140 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎጣ ስፋቱ አንድ ካሬ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው፣ ስለዚህ ሚዛን ላይ ብታስቀምጪው የሚወጣው ግራም ራሱ በግምት ያ ቁጥር ነው፣ መለያ ማንበብም አያስፈልግሽም። ጅማ ውስጥ ደሞ ሚዛን አይጠፋም፣ ቡና የሚሸጥበት ሁሉ ሚዛን አለ። ወፍራሞቹ ፀጉራም ፎጣዎች 500 እና ከዚያ በላይ ይሄዳሉ፣ ዋፍል ከ200 እስከ 300 እና ትንሽ ከፍ ያለ ነው የሚሆነው። ከ200 በታች የወረደውን ተዪው፣ እሱ ለወጥ ቤት ነው። እኔ 250 አካባቢ ያለውን ነው የምመርጠው።

ከዚያ ስፋቱን አስቢ፣ ምክንያቱም ዋፍል ከሌላው ፎጣ በላይ ይሰበሰባል፣ በመጀመሪያው እጥበት ያ ጉድጓድ የበለጠ ይጎደጉድና ጨርቁ ወደ ውስጥ ይኮማተራል፣ 10 በመቶ ሊደርስ ይችላል። 140 ሴንቲ ሜትር የነበረው 126 ሆነ ማለት ነው፣ ለረጅም ሰው ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው። ስለዚህ ከምትፈልጊው ከፍ ያለውን ግዢ። ይሄ ጉድለት አይደለም፣ ሱቅ ውስጥ ዝርግ ብሎ ያየሽው ፎጣ ትክክለኛ መልኩን የሚይዘው ከታጠበ በኋላ ነው፣ ያኔ ነው ውሃም በደንብ መምጠጥ የሚጀምረው። ሳታጥቢ ሞክረሽ አይመጥጥም ብለሽ እንዳትጥይው። ጠርዙም ድርብ ሆኖ ታጥፎ የተሰፋ ይሁን፣ በአንድ መስመር ብቻ የተሰፋው ሲሰበሰብ ዳሩ ይጨማደዳል።

አገር ውስጥ በእጅ የተሸመነ ካገኘሽ ደስ ይላል፣ ቀለም ካለው ግን መጀመሪያ ነጭ ጨርቅ አርጥበሽ ሸት ሸት አድርጊበት፣ ቀለም ከለቀቀ ለብቻው ይታጠባል።

አስተጣጠቡ ላይ ልቆጣሽ ነው። ሶፍትነር የሚሉትን የልብስ ማለስለሻ አትጨምሪበት! ሶፍትነር ክሩን በስስ ቅባት ነገር ይሸፍነዋል፣ ይለሰልሳል፣ ጥሩ ጥሩ ይሸታል ግን ውሃ መምጠጡ ይቀንሳል፣ ብዙ ሰው ፎጣዬ ተበላሸ የሚለው እሱን እያፈሰሰበት ነው። ኦሞም አታብዢ፣ በደንብ ያልተለቃለቀ ሳሙና ክሩ ውስጥ ቀርቶ እሱም ይሸታል። አሁን ያሉሽን የሸተቱትን ፎጣዎችም አትጣያቸው፣ በሙቅ ውሃ እጠቢያቸውና በመጨረሻው ማለቅለቂያ ላይ ግማሽ ኩባያ አቼቶ ጨምሪ፣ ብዙዎቹ ይመለሳሉ፣ ለበጋ አስቀምጫቸው። ግን አደራ አቼቶና በረኪና አንድ ላይ እንዳይገናኙ፣ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ የሚጎዳ መርዝ ነው። ካውያም ዋፍል አይፈልግም፣ ጉድጓዱን ይደፈጥጠዋል። ክር ከተመዘዘ ደሞ አትሳቢው፣ በመርፌ ወደ ጀርባው መልሺው።

አሰቃቀሉም አለ። በር ላይ አራት አጥፎ መስቀል ማለት ምንም ፎጣ ቢሆን እንዳይደርቅ ማድረግ ነው። በሁለት ማንጠልጠያ ተዘርግቶ፣ ከሻወር ክፍሉ ውጪ፣ መስኮት አጠገብ ይሰቀል። አንድ የሚያስፈራኝ ነገር ስላለ ሳልናገር አላልፍም፣ በክረምት ቤት ዘግተን ከሰል አቀጣጥለን ልብስ የምናደርቀውን ነገር እባካችሁ እንተወው፣ የከሰል ጭሱ ባይታይም ሰው ይገድላል፣ ለፎጣ ብሎ ልጆች የተኙበት ቤት ውስጥ ከሰል አይገባም።

ልጆችሽን ጨምሮ ለሰው ሁለት ሁለት ይበቃችኋል፣ አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይሠራል። ፀጉርሽን ቅቤ በምትቀቢበት ቀን ግን አሮጌውን ተጠቀሚ፣ ቅቤ ዋፍሉ ውስጥ ከገባ ማስለቀቁ መከራ ነው።

ጥያቄ፦ መናኸሪያ አካባቢ አሥር ክፍል ያለው አነስተኛ ፔንሲዮን አለኝ፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የጀመርኩት ነው። ፎጣ መቀየር ፈልጌ ዋፍል ይሻላል አሉኝ፣ እንግዳ ግን ወፍራም ነገር ይወዳል፣ ስስ ሲያይ ቆጠቡ እንዳይለኝ ሰጋሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ አባቴ፣ ስጋትዎ ልክ ነው፣ ወፍራም ፎጣ የተመቻቸ ክፍል ምልክት ተደርጎ ነው የሚታየው። ግን እስቲ ሂሳቡን አብረን እንየው። ለአሥር ክፍል 20 ፎጣ ቢያስቡ፣ ወፍራሙ አንዱ ግማሽ ኪሎ ስለሆነ ደረቁን ብቻ አሥር ኪሎ ግድም ነው፣ ዋፍሉ ግን አምስት ኪሎ። ሰባት ኪሎ የሚያጥብ ማሽን ካለዎት ወፍራሙን ሁለት ዙር ነው የሚያጥቡት፣ ዋፍሉን አንድ ዙር፣ ውሃውም መብራቱም በዛው ልክ ነው። ገመድ ላይ የሚፈጀውን ጊዜ ደሞ በነሐሴ እርስዎ ያውቁታል። እንግዳ ስስ ፎጣን ይቅር ይላል፣ የሚሸት ፎጣን ግን አይረሳም፣ ላገኘው ሰው ሁሉ ነው የሚያወራው።

እኔ ብሆን ለገላ ዋፍል፣ ከሻወር ሲወጣ ለሚረገጠው ደግሞ ወፍራሙን አደርጋለሁ። ነጭ ይሁን፣ ነጭ ሲቆሽሽ ይታያል፣ በሙቅ ውሃም ያለስጋት ይታጠባል፣ እንግዳውም ንጹህ መሆኑን በዓይኑ ያያል። በረኪና ግን ለእድፍ ብቻ አልፎ አልፎ እንጂ በየእጥበቱ ከተጨመረ ጥጡን ያሳሳዋል፣ ቶሎ መቀደድ ይጀምራል። ሂና የተቀቡ እንግዶች ሲመጡ እንዲሰጥ ሁለት ሦስት ጠቆር ያለ ፎጣ ለብቻ ያስቀምጡ። እና ሃያውንም በአንዴ አይግዙ፣ አራት ገዝተው ሁለት ክፍል ውስጥ አንድ ወር ይሞክሩት፣ እጥበቱን ሲችል ቀሪውን ያመጣሉ።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ቴሌግራም ላይ ዋፍል ፎጣ እየተባለ በጣም በርካሽ የሚሸጥ አየሁ፣ ማይክሮፋይበር ይላል፣ ያው አንድ ነገር ነው?

መልስ፦ አይደለም ልጄ። ዋፍል የአሸማመኑ ስም ነው፣ ማይክሮፋይበር ደሞ ክሩ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ፖሊስተር። ሻጩን የጀርባውን ፎቶ ላክልኝ በይው፣ በእውነት የተሸመነ ዋፍል ከፊትም ከኋላም ጉድጓድ አለው፣ ላዩ ላይ ብቻ ተጨፍልቆ የወጣ ቅርጽ ከሆነ ጀርባው ዝርግ ነው። ለፀጉርና ለስፖርት ማይክሮፋይበሩ ይሆንሻል፣ ቀላል ነው፣ ዶርም ውስጥም ቶሎ ይደርቃል። ለገላሽ ግን ትንሽ ጨምረሽ አንድ የጥጥ ግዢ፣ ሐሙስ ገበያ ሂጂና በእጅሽ ዳብሰሽ፣ ወደ ብርሃን ዘርግተሽ አይተሽ ምረጪ።