ተገጣጣሚ ቤት፦ ከወሎ ለደረሱኝ ጥያቄዎች መልስ

ስለ ተገጣጣሚ ቤት የጻፋችሁልኝ በዝታችኋል። አምስቱን መርጫለሁ። «ዓ.ም.» ብዬ ካልጻፍኩ በስተቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ኮምቦልቻ ላይ ባለ 3 ፎቅ በተገጣጣሚ ኮንክሪት ልሠራ ነበር። ወንድሜ ግን መሬት ሲንቀጠቀጥ ተበታትኖ ይወርድብሃል አለኝ።»

ወንድምህ መስጋቱ ልክ ነው። ያለነው ስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷታል፤ ካራቆሬ ደግሞ ከኮምቦልቻ ሩቅ አይደለችም።

በ1988 አርሜኒያ ውስጥ የሆነውን ደግሞ እይ። ያኔ ሌኒናካን ትባል በነበረችው ከተማ ኮለኑና ቢሙ ፋብሪካ ተሠርቶ ቦታው ላይ የተገጣጠመ ባለ 9 ፎቅ ሕንፃ በብዛት ነበር፣ አብዛኛው ወደቀ። እዚያው ከተማ ግድግዳቸው ራሱ ትልልቅ የኮንክሪት ፓነል የሆኑት ግን ቆሙ። ሁለቱም ተገጣጣሚ ናቸው። ልዩነቱ ኃይሉን ብዙ ግድግዳ ተጋርቶ መያዙና የመገጣጠሚያው ጥራት ነው።

ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎች ብዙ የደከሙት እዚሁ መገጣጠሚያ ላይ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ካሊፎርኒያ፣ ሳንዲዬጎ ባለ 5 ፎቅ ተገጣጣሚ ሕንፃ ላብራቶሪ ውስጥ አቁመው አናወጡት። ሐሳቡ፣ መገጣጠሚያው ሲናወጥ ትንሽ ይከፈታል፣ ውስጡ ያለፈው የተወጠረ የብረት ገመድ ደግሞ መልሶ ይስበዋል። ሠርቷል። ኒውዚላንድም ወስዳ ሠርታበታለች።

ስለዚህ ሻጩን የቤቱን ፎቶ ሳይሆን የመገጣጠሚያውን ዲዛይን ጠይቀው። ለኮምቦልቻ የመንቀጥቀጥ ደረጃ ተሰልቷል ወይ? የመገጣጠሚያው ክፍተት ሲሞላ ማን ቆሞ ያያል? መልስ ከሌለው ተወው። መሃል መንገድም አለ። ኮንዶሚኒየም ላይ እንዳየኸው፣ ሶሌታውን በተዘጋጁ ትንንሽ ቢሞችና በብሎኬት ሠርተህ ከላይ አርማታ ታፈስበታለህ፣ ኮለንና ዋና ቢም ግን እዚያው ቦታው ላይ ይሞላሉ። ድጋፍና ጣውላ ይቀንስልሃል። እኔ ብሆን ይህን ነው የምመርጠው።

«ደሴ ቁልቁለት ላይ 200 ካሬ አለኝ። ተገጣጣሚ ይረክሳል?»

ለአንድ ቤት? አይመስለኝም እናቴ። ማኪንዚ የሚባለው አማካሪ ድርጅት በ2019 ባወጣው ጥናት ጊዜን ከ20 እስከ 50 በመቶ ይቆጥባል ይላል፤ ነገር ግን ይህ ትርፍ የሚመጣው አንዱን ክፍል መቶ ጊዜ ደጋግሞ ከመሥራት ነው። ትልቁም ይወድቃል፣ አሜሪካዊው የተገጣጣሚ ግንባታ ኩባንያ ካቴራ ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ሰብስቦ በ2021 ከሰረ። እርስዎ ደግሞ ፓነሉን በጣርማ በር አሳልፈው፣ ሐረጎን አስወጥተው፣ በጠባቡ መንገድ ክሬን አስገብተው ነው የሚያስገጥሙት። መሠረቱና የድጋፍ ግንቡ ያው እንደ ድሮው ነው፣ ደሴ ላይ ደግሞ አፈሩ ስለሚንሸራተት ገንዘብዎን የሚበላው እሱ ነው። መጀመሪያ አፈሩን ያስመርምሩ።

«መምህር ነኝ፣ ከወልዲያ። በጦርነቱ ለፈረሱብን ክፍሎች በሳንድዊች ፓነል እንሥራላችሁ ያሉ አሉ። እንቀበል?»

ተቀበሉ፣ ልጆቹ ዛፍ ሥር ከሚማሩ። ግን ከመፈረማችሁ በፊት በሁለቱ ቆርቆሮ መሃል ያለው ምንድን ነው ብላችሁ ጠይቁ። ነጩ ፎም ከሆነ ሙቀትና ብርድ ይከላከላል፣ እሳት ግን አይችልም፣ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል። ሮክ ዉል፣ ማለትም ከድንጋይ የተሠራ ጥጥ መሳይ ነገር፣ ይሻላል፣ ይወደዳልም። ለማንኛውም ክፍሉ ወደ ውጭ የሚከፈቱ 2 በሮች ይኑሩት፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው በቱቦ ይግባ። በዚህ አትደራደሩ።

«ኮምቦልቻ ኢንስቲትዩት ሲቪል ምህንድስና እማራለሁ። ለመመረቂያ ምን ላጥና?»

አብሽሪ፣ ርዕስ ሞልቷል። መጠይቅ በትነሽ «የተገጣጣሚ ግንባታ እንቅፋቶች» እያልሽ ብቻ አትቁጠሪ፣ ያ ነገር በየአገሩ ተጽፎ ተጽፎ አልቋል። አሁን ዓለም የሚያጠናው ተፈትቶ ሌላ ቦታ የሚተከል መገጣጠሚያ፣ ሲሚንቶ የሚቀንስ ኮንክሪት፣ ከፋብሪካ እስከ ማፍረስ ያለ የካርቦን ልክ ነው። ሲሚንቶው ላይ የተቃጠለ ሸክላ አፈርና የኖራ ድንጋይ ተቀላቅሎ ክሊንከሩን (ሲሚንቶ ሲፈጭ ዋናው ግብዓት) ወደ ግማሽ የሚያወርድ ዘዴ አለ፣ የእኛን አፈር ይዘሽ ብትሞክሪው ደስ ይለኛል። አዲስ አበባ የሕንፃ ኮሌጁ ከዙሪኩ ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ ጋር ከአፈር ፎቅ ቤት ሠርቶ አሳይቷል፣ ሄደሽ እይው። ምርጫው ለእኔ ከተሰጠኝ ግን በእኛ ፌሮና በእኛ ሲሚንቶ የተሠራ አንድ የቢምና የኮለን መገጣጠሚያ ላብራቶሪ አስገብተሽ እስኪሰበር ጫኚው። እንዲህ ያለ ቁጥር ለወሎ መሐንዲስ እንጀራው ነው።

«ላሊበላ ላይ ቤት በማሽን ማተም ይቻላል?»

ማተም ማለት ማሽኑ ቅልቅሉን በንብርብር እያፈሰሰ ግድግዳ ሲያቆም ነው። ማላዊ ውስጥ በ2021 የአንድ ትምህርት ቤት ግድግዳ በ18 ሰዓት ታትሟል። ግድግዳው ብቻ። መሠረቱ፣ ጣሪያው፣ በሩ የሰው እጅ ነው፣ ቅልቅሉም ማንኛውም ሲሚንቶ አይደለም። ላስታ ደግሞ ድንጋይ አለ፣ ድንጋይ የሚያውቅ ግንበኛም አለ። ለአሁኑ ለእሱ ይክፈሉ።