አባቴ ወንድሜን ለግል ትምህርት ቤት፣ የእኔን ቁጠባ ለክፍያው አስቧል

ጥያቄ፦ የ27 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው ለንደን ሲሆን በነርስነት እሠራለሁ። ወላጆቼ ከደሴ የመጡ ናቸው፤ አባቴ እዚያ መምህር ነበር፣ እዚህ የሌሊት አውቶቡስ ይነዳል። ታናሽ ወንድሜ 17 ዓመቱ ነው፤ በመስከረም ሲክስዝ ፎርም (የትምህርት ቤቱን የመጨረሻ ሁለት ዓመታት) ጀመረ። ሒሳብ፣ ፊዚክስና ታሪክ ነው የሚማረው። ጥቅምት ላይ በወላጆች ምሽት የፊዚክስ መምህርቱ «የቤት ሥራውን በጊዜ አያስገባም፣ እንዲህ ከቀጠለ ይቸገራል» ስትል፣ አባቴ ሌሊት ሲሠራ አድሮ ደክሞት ስለነበር «ደህና ነው፣ ትንሽ ይበርታ ነው የምትለው» ብዬ አስተረጎምኩለት። ኅዳር ላይ በፊዚክስ የሙከራ ፈተና ዲ አመጣ። አባቴ ውጤቱን በስልኩ ካየ ጀምሮ «ይህ ትምህርት ቤት ልጄን አበላሸው» ይላል። ከቤተ ክርስቲያን የሚያውቀው ሰው ልጅ ከግል ትምህርት ቤት ካምብሪጅ ገብቷል። አሁን በጥር የሚቀበል የግል ትምህርት ቤት አግኝቷል፤ ክፍያው ከነታክሱ በተርም (የትምህርት ዓመቱ ሲሶ) 8 ሺህ ፓውንድ ገደማ ነው። እቁብ ደርሶታል፤ የጎደለውን ለቤት መግዣ ካጠራቀምኩት እንድሞላለት ጠየቀኝ። ወንድሜ ደግሞ «እታለም፣ መሄድ አልፈልግም፤ ግን ለአባዬ እንዳትነግሪው» አለኝ። እናቴ «አንቺ ንገሪው፣ አንቺን ይሰማል» ትለኛለች፤ አንዳንዴ አባቴን ማለቷ ነው፣ አንዳንዴ ወንድሜን። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ላድርግ?

ምላሽ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንቺ የጠየቅሽኝ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ገንዘብ ነው፤ እኔን ያስቆመኝ ግን እንደዋዛ ያለፍሽው የጥቅምቱ ምሽት ነው።

እስቲ ያችን ጠረጴዛ መልሰሽ እያት። ለአንድ መምህር የሚሰጠው ጊዜ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ከኋላችሁ ሌላ ቤተሰብ ተራ ይጠብቃል። መምህርቱ በእንግሊዝኛ የምትናገረው አንቺን እያየች ነው። አባትሽ የሚያየውም አንቺን ነው። ወንድምሽ ሁለቱንም ቋንቋ እየሰማ አንገቱን ደፍቷል። መምህርቱ ያለችውንና አንቺ ያልሽውን ያወቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንቺና እሱ። ከዚያች ምሽት ጀምሮ ሁለታችሁ የምስጢር ባልደረቦች ሆናችኋል፣ «ለአባዬ እንዳትነግሪው» ያለሽም ይህንን ስለሚያውቅ ይመስለኛል።

አሁን ነገሩን በአባትሽ ዓይን እንየው። በጥቅምት ደህና የተባለ ልጅ በኅዳር ዲ አመጣ። መሐል ላይ የተባለውን ያልሰማ ሰው ከዚህ ምን ይደመድማል? ወይ ትምህርት ቤቱ እየደበቀኝ ነው፣ ወይ በአንድ ወር ውስጥ ልጄን ገደለብኝ። ዕድሜውን በጥቁር ሰሌዳ ፊት ያሳለፈ ሰው ሲሆን ደግሞ ቁጣው ይብሳል፤ ውጤት ሲወድቅ ማስጠንቀቂያ መቅደም እንዳለበት ያውቃልና። ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ነበር። ያልደረሰው በአንቺ ርኅራኄ ነው።

ይህንን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። በስደት ያደጉ የመጀመሪያ ልጆች ገና በልጅነታቸው የሐኪም ወረቀት፣ የቤት ኪራይ ደብዳቤና የባንክ ስልክ ያስተረጉማሉ። ይህ ሥራ ብዙዎቹን ብልህና ኩሩ ያደርጋል፤ በጭንቀትና በጠብ መሐል ሲሆን ግን ልጁን ያደክማል። ሲሰነብት አስተርጓሚው ቃል ብቻ ማቀበሉን ትቶ የቤቱን ሰላም መጠበቅ ይጀምራል። የሚያሳዝነውን ይቀንሳል፣ የሚያስቆጣውን ያለዝባል። አንቺም የሠራሽው ይህንኑ ነው፣ ምናልባትም ከአሥር ዓመት በላይ።

አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም መሬይ ቦወን ስለ ቤተሰብ ካስተማራቸው ነገሮች አንዱ እዚህ ይገባል። ሁለት ሰዎች መሐል ያለው ውጥረት ሲበረታ ሦስተኛ ሰው ይስባሉ፤ ሦስተኛው ሲገባ ሁለቱ ቀለል ይላቸዋል፣ ጭንቀቱ ግን ወደ ሦስተኛው ይሻገራል። በእናንተ ቤት አባትሽና ወንድምሽ፣ እናትሽና አባትሽ፣ ቤታችሁና ትምህርት ቤቱ አሉ። በሦስቱም መሐል የተቀመጥሽው አንቺ ነሽ። እንቅልፍ ብታጪ ምን ይገርማል?

ወደ ትምህርት ቤቱ ልምጣ፤ አባትሽ የሚለው ከመሬት ተነስቶ አይደለምና። የግል ትምህርት ቤት ተማሪዎች ታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ከቁጥራቸው በላይ ይታያሉ። ይህንን አይቶ የተጨነቀ አባት ሞኝ አይባልም። ነገር ግን ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ከሚቀበሏቸው የብሪታንያ ተማሪዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከመንግሥት ትምህርት ቤት የሚመጡ ናቸው። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የሚወራው አንዱ የካምብሪጅ ልጅ ነው እንጂ እነዚህ አይደሉም።

የእኔ ጥርጣሬ ከትምህርት ቤቱ ጥራት ይልቅ ከጊዜው ነው። ለአገር ቤት አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ፦ ሲክስዝ ፎርም ከ16 እስከ 18 ዓመት ያሉት የመጨረሻ ሁለት ዓመታት ሲሆኑ፣ ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ትምህርት መርጦ በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ የኤ ሌቭል ፈተና ይወስዳል። ፈተናውን የሚያወጡት ኤኪውኤ፣ ኦሲአርና ኤድኤክሴልን የመሳሰሉ የተለያዩ ድርጅቶች ናቸው። የሒሳብ ይዘት በሁሉም ዘንድ አንድ ነው፤ እዚያ ወንድምሽ አይቸገርም። ፊዚክስም አብዛኛው ይመሳሰላል። ታሪክ ግን ሌላ ነው። አንዱ ትምህርት ቤት ስለ ቱዶር ነገሥታት ሲያስተምር ሌላው ስለ ሩሲያ አብዮት ሊያስተምር ይችላል፤ በሦስት ወር የተማረው ሁሉ ከንቱ ሊቀር ነው። ከውጤቱ 20 በመቶ የሚይዘውን የታሪክ ጥናታዊ ጽሑፍም ከማያውቀው መምህር ጋር ይጀምራል። በፊዚክስ ብቻ የወደቀን ልጅ በታሪክም እንዲቸገር ማድረግ ምን የሚሉት መድኃኒት ነው?

ሌላም አለ። የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ዩካስ በሚባለው ማዕከላዊ ተቀባይ በኩል ሲላክ መምህራኑ ተማሪው ያመጣል ብለው የሚጠብቁትን ውጤትና የድጋፍ ደብዳቤ አብረው ይልካሉ። ለኦክስፎርድ፣ ለካምብሪጅና ለሕክምና ቀነ ገደቡ ጥቅምት 15 ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው። በጥር የገባ ልጅ ራሱን የሚያሳይበት ጊዜ ከሁለት ተርም ብዙም አይበልጥም። አሁን ያሉት መምህራን የኅዳሩን ዲም ሆነ ከዚያ በኋላ የሚያሻሽለውን ያያሉ። የሲክስዝ ፎርም የመጀመሪያ ወራት ደግሞ ለብዙ ልጆች ድንጋጤ ነው፤ በ16 ዓመት ከሚፈተኑት ጂሲኤስኢ ወደ ኤ ሌቭል ያለው እርከን ገደላማ ነው፣ ጎበዙም ይንሸራተታል። የሙከራ ፈተናውም ይህንን በጊዜ ለማሳየት የተዘጋጀ ነው።

ይህ ሁሉ «አይዛወር» ማለት አይደለም። አሁን ያለበት ትምህርት ቤት የሚፈልገውን ትምህርት የማይሰጥ ከሆነ፣ ወይም ጓደኞቹ የሚያሠቃዩት ከሆነ፣ በመንፈቅም ቢሆን ማዛወር ተገቢ ነው። ይህንን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ ከአንቺ በቀር የጠየቀው የለም። አንቺም ብትሆኚ «አልፈልግም» ማለቱን እንጂ ለምን እንዳልፈለገ አልጻፍሽልኝም። ጓደኞቹን ማጣት ፈርቶ ነው? ፊዚክስን ከናካቴው ጠልቶታል? የአባቱ እቁብ በጫንቃው ላይ እንዳይወድቅ ፈርቶ ይሆን? የመጨረሻው ቢሆን አይገርመኝም። 40 ሺህ ፓውንድ የተከፈለበት ልጅ ቢ ማምጣት አይችልም፤ ቢ ቢያመጣ እንኳ ቤት ውስጥ ሀዘን ይሆናል። ቁጥሩን ከራሴ አላመጣሁትም፤ ከጥር እስከ ኤ ሌቭል ፈተና አምስት ተርም አለ፣ ስምንት ሲባዛ በአምስት ነው። ከፈረንጆቹ 2025 ጥር ወዲህ በግል ትምህርት ቤት ክፍያ ላይ የተጨመረውን 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አንቺው ቆጥረሽዋል። የነፃ ትምህርት ዕድልና የክፍያ ቅናሽ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚታደለው በመስከረም ለሚገቡ፣ ከአንድ ዓመት በፊት ለተፈተኑ ልጆች ነው። በመሐል የሚገባ ሙሉውን ይከፍላል። ከዚሁ ገንዘብ የአንዱ ተርም ብቻ ጥሩ የፊዚክስ አስጠኚ በሳምንት ሁለት ሰዓት ለዓመት ቀጥሮ ይተርፋል።

ምን ታድርጊ? መጀመሪያ ለወንድምሽ ምስጢሩን መልሺለት። በዚህ አነጋገር ብትይው ይገባዋል፦ «የነገርከኝን ለአባዬ አልነግረውም፤ የምትነግረው አንተ ነህ። ስትነግረው ግን አጠገብህ እቀመጣለሁ።» ያኮርፍሽ ይሆናል። ታላቅ እህቱ እንጂ ጠበቃው አለመሆንሽን ሲረዳ የሚያኮርፈው ኩርፊያ ጤነኛ ነው። አማርኛው ቢሰባበርም በራሱ አፍ ይናገር። የአባትሽም እንግሊዝኛ ሌሊቱን ሙሉ ከለንደን ሰካራም ጋር የሚያግባባው ከሆነ ከልጁ ጋር አያቅተውም። ቃል ሲጠፋባቸው ቃሉን ብቻ አቀብያቸው። የራስሽን ሐሳብ ስትናገሪ «ይህ የእኔ ነው» ብለሽ ለዪው።

አባትሽን ደግሞ ሌላ ሰው ሳይኖር አነጋግሪው። የጥቅምቱን ነገር ራስሽ ንገሪው፤ መምህርቱ ያለችውን ሳትቀንሺ፣ ለምን እንዳለዘብሽው ጨምረሽ። ይህ ከሁሉም ከባዱ ነው፣ ከሁሉም የሚጠቅመውም እሱ ነው። ይቆጣል፤ ይቆጣ። ትምህርት ቤቱ አስጠንቅቆት እንደነበር ሲያውቅ ግን «ተከዳሁ» የሚለው ስሜቱ መሠረቱ ይናጋል። ለልጁ የሚከፍለው 40 ሺህ ፓውንድ ከፊሉ ለዚያ ስሜት የሚከፈል ነውና።

ከዚያ ከሲክስዝ ፎርሙ ኃላፊ ጋር ቀጠሮ ይያዝ፣ የአምስት ደቂቃው ዓይነት ሳይሆን ሰፋ ያለ። አስተርጓሚ እንዲያዘጋጁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከተገኘ አንቺ እንደ ማንኛውም የቤተሰብ አባል ሄደሽ ዝም ብለሽ የመቀመጥ ዕድል ታገኛለሽ። ካልተገኘ ከማኅበረሰቡ አንድ የሚታመን ሰው ይምጣ። ጥያቄዎቹን አባትሽ ራሱ ይጻፍ። የቀድሞ መምህር ነው፤ ከእኔም ከአንቺም የተሻለ ይጠይቃል። ከፊዚክስ ምዕራፎች የቱ ነው የከበደው፣ ከትምህርት ሰዓት ውጪ ምን ድጋፍ አለ፣ ቀጣዩ ፈተና መቼ ነው የሚሉት ለመነሻ ይበቁታል።

ሽማግሌ ልላክበት የሚል ሐሳብ እንደሚመጣብሽ እገምታለሁ። ለትዳር ጠብ ሽማግሌ ወርቅ ነው፣ እዚህ ግን አትላኪ። በመሐል የሚመላለስ ሰው የበዛበት ቤት ነው፤ አንድ ሌላ መጨመር አያስፈልገውም። ለእናትሽም በፍቅር እንዲህ በያት፦ «እማዬ፣ አንቺ የምትይውን አንቺ ንገሪው፤ ሠላሳ ዓመት አብራችሁ ኖራችኋል።»

ገንዘቡን ለብቻ እንየው፤ ከወንድምሽ ውሳኔ ጋር ካቆራኘሽው ሁለቱም ይበላሻሉ። እሱ ልሂድ ቢልም አንቺ ያለመስጠት መብት አለሽ፤ እሱ ቢቀርም ለአስጠኚ ልታዋጪ ትችያለሽ። ለአባት «አልሰጥም» ማለት በእኛ ዘንድ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። «የለኝም» ብሎ መዋሸት ይቀላል። ግን ያው ጥቅምት ላይ ያደረግሽው ማለዘብ ይሆናል፣ የቤቱን ቅድመ ክፍያ ስትከፍዪ ደግሞ ይታወቃል። እንዲህ ብትይስ፦ «አባዬ፣ ይህ ገንዘብ የቤት ነው፣ አልነካውም። ለአስጠኚ በየወሩ ይህን ያህል እችላለሁ።» መጠኑን ከመናገርሽ በፊት ወስኚ፣ እሱ ፊት ስትቆሚ እንዳይጨምርብሽ።

አባትሽ ይህን ሁሉ ሰምቶ በሐሳቡ ቢጸናስ? ሊጸና ይችላል። ያን ጊዜ ወንድምሽ ቃለ መጠይቅ ይጠብቀዋል፤ የግል ትምህርት ቤቶች በመሐል የሚመጣን ልጅ «ለምን ወደኛ ልትመጣ ፈለግህ?» ብለው መጠየቃቸው የተለመደ ነው። መልሱን አታለማምጂው። ከተቀበሉት ደግሞ ውል ይቀርባል። ብዙዎቹ ውሎች ልጁን ለማስወጣት የአንድ ሙሉ ተርም ማስጠንቀቂያ ይጠይቃሉ፤ ያለዚያ የተርሙን ክፍያ ያስከፍላሉ። ስለዚህ «ሞክሮት ካልሆነ ይመለሳል» የሚለው ሐሳብ በስምንት ሺህ ፓውንድ ይጀምራል፣ የቀድሞው ትምህርት ቤትም ቦታውን ይዞ ላይጠብቀው ይችላል። ይህንን አንቀጽ አባትሽ ከመፈረሙ በፊት ሙሉውን፣ ሳይለዝብ፣ በአማርኛ ይነበብለት። ከታች ከፋይ ተብሎ በሚፈረምበት መስመር ላይ ግን ያንቺ ስም አይግባ፤ የፈረመ ሰው ለሙሉው ክፍያ ተጠያቂ ነው።