መልስ፦ የሲጋራ ሳጥን ጊታር 12ኛው ፍሬት ላይ ቅኝቱን ሲስት

ወንድሜ፣ ከሲጋራ ሳጥን የተሠራው ጊታርህ ክር ባዶውን (ሳይጫን) ሲመታ ልክ ሆኖ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተተከሉት ቀጫጭን ዘንጎች 12ኛው) ላይ ሲጫን ድምፁ ከፍ የሚለው ብዙ ጊዜ ብሪጁ (ሳጥኑ ላይ ክሮቹን ከፍ አድርጎ የሚይዘው ድጋፍ) ወደ አንገቱ ስለተጠጋ ነው። ስለዚህ ፍሬቶቹን ለመንቀል አትቸኩል!

አንገቱ ጫፍ ካለው የክር ማረፊያ እስከ 12ኛው ፍሬት ለካ። 32 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ብሪጁ ከክር ማረፊያው የዚህን እጥፍ፣ 64 ሴንቲ ሜትርን፣ በሁለት ሚሊ ሜትር ያህል አልፎ ይቀመጥ፤ ክር ሲጫን ስለሚወጠር ትርፉ ያስፈልገዋል። በሙጫ እንዳታጣብቀው፣ ውጥረቱ ራሱ ይይዘዋል።

ከዚያ 12ኛው ላይ ክሩን ሳትጫን በጣትህ ነካ አድርገህ ምታው፣ ቀጥሎ ተጭነህ ምታው። የተጫነው ድምፅ ከነካኸው ከፍ ካለ ብሪጁን ከአንገቱ አርቀህ ወደ ኋላ ግፋ። ወፍራሙ ክር የበለጠ ርዝመት ስለሚፈልግ ብሪጁ ትንሽ ያዘነብላል፤ ጤነኛ ነው። ክሩ ከፍሬቱ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከራቀ ግን መጀመሪያ የብሪጁን ታች ሞርደህ ዝቅ አድርገው።