ድንጋዩን ከማንሳታችሁ በፊት

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለ አንድ ወጣት መጣ። የጂኦሎጂ ተማሪ ነው። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። ጥምዝምዝ ያለ፣ ጎድን ጎድን ያለው ድንጋይ።

«ጋሼ፣ ይሄ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ከየት አነሳኸው?» አልኩት።

«እኔ አላነሳሁትም። ጓደኛዬ ነው የሰጠኝ። እሱም ከሰው ነው ያገኘው።»

«እንግዲያው ዝርያውን ልነግርህ እሞክራለሁ። ሌላውን ግን ድንጋዩም ረስቶታል» አልኩት። ልጁ ቅር አለው። እኔም ሳስበው አነጋገሬ ትንሽ ጠጠር ብሎብኝ ነበር። ስለዚህ ያኔ በደንብ ያላስረዳሁትን ለእሱም ለእናንተም ልጻፈው።

ፎቶው ላይ ያለው አሞናይት ነው። አሞናይት የባሕር እንስሳ ነበር፤ የስኩዊድና የኦክቶፐስ ዘመድ። ቅርፊቱ በውስጡ ክፍል ክፍል ነው። እንስሳው የሚኖረው በመጨረሻውና በሰፊው ክፍል ውስጥ ነው። የቀሩት ክፍሎች ጋዝ ይዘው እንዳይሰምጥ ያግዙታል። የክፍሎቹ ግድግዳ ከቅርፊቱ ጋር የሚጋጠምበትን መስመር እኛ የጂኦሎጂ ሰዎች ስፌት እንለዋለን። ጥሩ አሞናይት ላይ ስፌቱ የቀሚስ ጥልፍ ይመስላል። ዝርያውን የምንለየው በዚህ ስፌት፣ በጎድኖቹና በአጠመዛዘዙ ነው።

ስሙ የመጣው የበግ ቀንድ አድርገው ከሚስሉት አሞን ከሚባለው የግብፅ አምላክ ነው። ሮማዊው ፕሊኒ በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ «አሞን ቀንድ» ሲጽፍ ከኢትዮጵያ ቅዱሳን ድንጋዮች መካከል ቆጥሮታል። ለመኩራራት ግን አትቸኩሉ። በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ ሲባል ከግብፅ በታች ያለው ሰፊ አገር ሁሉ ነበር።

አሁን ወደ ዕድሜው ልምጣ። አሮጌ ቤት ሲፈርስ ከአፈሩ ውስጥ ሳንቲም ወጥቶ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የምኒልክ ምስል ካለበት አንድ ነገር ትገምታላችሁ። የጃንሆይ ከሆነ ሌላ። ሳንቲም ለዚህ የሚመቸው በአገሩ ሁሉ ስለሚዞርና ዘመን ሲለወጥ መልኩ ስለሚለወጥ ነው። አሞናይትም እንደዚያው ነው። ባሕር ለባሕር ስለሚሰራጭ እንግሊዝ ያለው ዝርያ ጀርመንም ይገኛል። ቶሎ ቶሎ ስለሚለወጥ ደግሞ አንድ ዝርያ ብዙ አይቆይም። አንዴ ከጠፋ ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ ሁለት ተራሮች ላይ አንድ ዓይነት አሞናይት ካገኛችሁ፣ በመካከላቸው ሺህ ኪሎ ሜትር ቢኖርም፣ የተቀበሩባቸው የድንጋይ ንብርብሮች እኩዮች ናቸው።

ጁራሲክ ከ201 እስከ 145 ሚሊዮን ዓመት በፊት ያለው ዘመን ነው። ክሪቴሺየስ ከዚያ ቀጥሎ እስከ 66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ይዘልቃል። በእሱ ማብቂያ ላይ አሞናይቶች ከዳይኖሰሮች ጋር ጠፉ። ጁራሲክ ብቻውን በአሞናይት ከ70 በላይ በሆኑ ዞኖች ተከፍሏል፤ ዞን ማለት በራሱ አሞናይት የሚታወቅ የጊዜ ክፍል ነው። 56 ሚሊዮኑን ዓመት ለዚያ አካፍሉት። ለአንዱ ዞን አንድ ሚሊዮን ዓመት እንኳ አይደርሰውም። ለእኛ ሙያ ይህ የሰዓት ቆጣሪ ያህል ነው።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። አሞናይት ቁጥር አይናገርም። እዚህ ወሎ ውስጥ አንዲትን እናት ልጅዎ መቼ ተወለደ ብትሏት «ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ፣ ደርግ ሳይወድቅ» ልትላችሁ ትችላለች። ቀንና ወር የለም፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይፋለስም። አሞናይትም የሚለው «ከዚያኛው በኋላ፣ ከዚህኛው በፊት» ብቻ ነው። ቁጥሩ የሚመጣው በንብርብሮቹ መካከል ከተኛ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። አመዱ ውስጥ ዚርኮን የምትባል ደቃቅ ማዕድን አለች። በውስጧ ያለው ዩራኒየም ቀስ እያለ ወደ እርሳስ ይለወጣል። እሱ ተለክቶ ዓመቱ ይወጣል። አመድ ከላይም ከታችም ከተገኘ አሞናይቱ መሃል ተያዘ ማለት ነው። አንዳንድ ተማሪዎች የላብራቶሪው ቁጥር ሲመጣ ቅሪተ አካሉን ይንቁታል። እኔ አልወድላቸውም። ሁለቱ ሲነጋገሩ ነው ሥራው ያማረው።

ይህን መንገድ የከፈቱትን ሰዎች ታሪክ ለወጣት መንገር ደስ ይለኛል። ዊልያም ስሚዝ የአንጥረኛ ልጅ ነበር። ዩኒቨርሲቲ አልገባም። እንግሊዝ ውስጥ የመርከብ ቦይ ሲቆፈር መሬት የሚለካ ሠራተኛ ነበር። ቁፋሮውን እያየ እያንዳንዱ ንብርብር የራሱ ቅሪተ አካል እንዳለው ልብ አለ። በ1815 እ.ኤ.አ. ትልቅ የጂኦሎጂ ካርታ አሳተመ። በ1819 ደግሞ በዕዳ ታሰረ። አልበርት ኦፔል የሚባለው ጀርመናዊ በ1856 እና በ1858 መካከል ባሳተመው ሥራ የእንግሊዝን፣ የፈረንሳይንና የጀርመንን ጁራሲክ በዞን እየከፋፈለ አገናኘ። ሲጀምር ገና 25 ዓመት አልሞላውም ነበር። ሲሞት 34 ዓመቱ። ዕድሜያችሁን እንደ ሰበብ የምታቀርቡልኝ ሁሉ እሱን አስቡ።

የራሴን ልናገር። ወጣት ሳለሁ ከመቀሌ በስተደቡብ ሒንጣሎ አካባቢ ለመስክ ሥራ ሄድን። አገሩ ኖራ ድንጋይ ነው፤ ውፍረቱ በመቶዎች ሜትር ይቆጠራል። አንድ እረኛ ልጅ መዳፍ የሚያክል አሞናይት ከገደሉ ስር አሳየን። አስተርጓሚያችን «የበግ ቀንድ ድንጋይ ሆኖ ነው ይላል» አለን። ከአሞን ጋር የገጠመው ያለማንም ትምህርት ነው። እኔ አነሳሁት፣ ጠረግሁት፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት። ማስታወሻዬ ላይም ድንጋዩ ላይም «ከገደሉ ስር» ብዬ ጻፍሁ። ማታ ድንኳን ውስጥ ለአለቃችን በኩራት አሳየሁት።

«ከየትኛው ንብርብር ነው የወረደው?» አለኝ።

ዝም አልኩ። ገደሉ ከላይ እስከ ታች ንብርብር ነው። ድንጋዩ ከየትኛውም ሊንከባለል ይችላል። በማግስቱ ተመልሼ ግማሽ ቀን ፈለግሁ። ቦታውን እንኳ በትክክል አላገኘሁትም። እረኛውም ከብቶቹን ይዞ ሌላ ቦታ ሄዷል።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ድንጋዩ ያለበት ንብርብር ላይ ተሰክቶ ሲገኝ መጀመሪያ አትንኩት። ፎቶ አንሱት፤ መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ መዶሻ አድርጉ። ከሚታወቅ ንብርብር ተነስታችሁ ከፍታውን በሜትር ለኩ። ወደ ላይ የዞረው ጎኑ ላይ በማርከር ቀስት ሳሉ። ከዚያ ነው ማንሳት። ቁጥሩን ድንጋዩ ላይም፣ ወረቀቱ ላይም፣ ደብተሩ ላይም ጻፉ። ሦስት ቦታ። ወረቀት ይጠፋል፣ ስልክ ይሰረቃል።

ቀስቱን ያልኩት ለቀልድ አይደለም። እንደ አልፕስና ሂማላያ ያሉ ተራሮች ንብርብርን አጥፈው ይገለብጡታል። አሮጌው ላይ ይወጣል፣ አዲሱ ስር ይገባል። እዚያ አሞናይት ሁለት ጊዜ ያገለግላል። ቅርፊቱ ባሕር ወለል ላይ ሲያርፍ አንዳንድ ክፍሎቹ ግማሽ ድረስ ብቻ ጭቃ ይገባቸዋል። ጭቃው በክፍሉ ውስጥ አግድም ተስተካክሎ ይረጋል። የቀረውን ባዶ በኋላ ክሪስታል ይሞላዋል። ከሚሊዮን ዓመታት በኋላ ስትሰነጥቁት የግንበኛ ውሃ ልክ ታገኛላችሁ፤ ያኔ ላይ የቱ እንደነበር ይነግራችኋል። ቀስቱን ካልሳላችሁ ግን ውሃ ልኩ ከንቱ ነው።

ሌላም ማታለያ አለ። አሮጌ አሞናይት ከንብርብሩ ታጥቦ ወጥቶ አዲስ ጭቃ ውስጥ ዳግም ሊቀበር ይችላል። የጃንሆይ ሳንቲም ትናንት በተሠራ ቤት መሠረት ውስጥ ቢወድቅ ማለት ነው። ዝርያውም ራሱ ያታልላል። ትልቁና ትንሹ ለብዙ ጊዜ የተለያዩ ዝርያዎች ተብለው ስም ወጥቶላቸው ነበር። ኋላ ሴትና ወንድ ሳይሆኑ አይቀሩም ተባለ።

ደሴ ላይ ሆናችሁ ይህን ለምታነቡ አንድ መርዶ አለኝ። ጦሳ ላይ አሞናይት አትፈልጉ። ጦሳ፣ አዝዋ ገደል፣ ሐረጎን ስትወርዱ የምታዩት ጥቁር ድንጋይ ሁሉ ላቫ ነው። አብዛኛው የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። አሞናይቶች ከጠፉ በኋላ ከ35 ሚሊዮን ዓመት በላይ አልፎ ማለት ነው። ከጦሳ ያገኘሁት አሞናይት ነው ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ሰላም ብላችሁት እለፉ። የባሕሩ ድንጋይ እዚህ ከላቫው ስር ጠልቆ ነው ያለው። ማየት ከፈለጋችሁ ወደ ሰሜን በወልድያ፣ በአላማጣ፣ በማይጨው አድርጋችሁ ላቫው እስኪያልቅ ሂዱ፤ ወይም ወደ አባይ በረሃ ውረዱ።

ያ የሰሜኑ ኖራ ድንጋይ አንታሎ (ያው ሒንጣሎ ማለት ነው) የሚባለውን ስሙን ያገኘው ዊልያም ብላንፎርድ ከሚባል እንግሊዛዊ ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ መቅደላ ከመጣው ከናፒየር ጦር ጋር የመጣ ጂኦሎጂስት ነው። ጦሩ ከእኛ የወሰደው ብዙ ነው። ብላንፎርድ ግን የእኛን ስሞች በድንጋዮቻችን ላይ ጻፈ። ለላይኛው ላቫ የሰጠው ስም መቅደላ ነው፣ የወሎው።

ከኖራ ድንጋዩ በላይ አምባ አራዶም ላይ አሸዋ ድንጋይ አለ። ብዙ ጊዜ ለክሪቴሺየስ ይሰጣል። ወንዝ ያመጣው አሸዋ ስለሆነ አሞናይት የለውም። ስለዚህ ዕድሜው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ከእናንተ አንዱ ያን ክርክር ቢፈታው ሻይ በእኔ።

ሻይ ቤት ያገኘሁት ልጅ ትናንት ደወለ። የጓደኛውን ጓደኛ እያፈላለገ ነው። የእኔ አሞናይት ደግሞ ኮምቦልቻ ቤቴ መስኮት ላይ አለ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ጋዜጣዬን ይይዝልኛል። ሆዱ ላይ በወጣትነት እጄ የጻፍሁት አልጠፋም፦ «ከገደሉ ስር»።