የባንክ ተቆጣጣሪነት ዕድሜ ልክ የሚያዘልቅ ሙያ ነውን?

ጥያቄ፦ በሒሳብ አያያዝ ተመርቄ ላለፉት ሦስት ዓመታት በአንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ በብድር ሠራተኛነት ሳገለግል ቆይቻለሁ። በቅርቡ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ለባንክ ቁጥጥር ሥራ የሰጠውን ፈተና በማለፌ ሥራ እንድጀምር ተጠርቻለሁ። ያለሁበት ባንክ ግን ደመወዝ ጨምሮ እንድቆይለት ጠይቆኛል። እናቴም «ሰው ጥርስ ውስጥ የሚያስገባሽን ሥራ ለምን ትፈልጊዋለሽ?» ትለኛለች። ሥራው በእርግጥ ዕድሜ ልክ የሚያዘልቅ ሙያ ነው ወይስ ወረቀት ማገላበጥ?
አንዲት አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እናትዎ የተናገሩት እውነትነት አለው። ተቆጣጣሪ ሲገባ የቅርንጫፉ ሁሉ ፊት እንደሚጠቁር በዚህ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ አይቻለሁ። ቢሆንም ምክሬ ብሔራዊ ባንክ ይግቡ የሚል ነው።

የቁጥጥር ሥራ በከፊል ቢሮ ተቀምጦ ባንኮች የሚልኩትን ሪፖርት መመርመር፣ በከፊል ደግሞ ባንኩ ድረስ ሄዶ ፋይል መግለጥ ነው፤ ሙያው የሚገኘው በሁለተኛው ውስጥ ነው። ለአንድ ተበዳሪ የሚሰጥ ብድር ከባንኩ ካፒታል 25 በመቶ እንዳይበልጥ መመሪያው ያዛል፤ በሪፖርቱ ላይም ገደቡ ተጠብቆ ይታያል። ይሁን እንጂ ሦስት የተለያየ ስም ያላቸው ድርጅቶች ፋይል ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ሲዘረጋ፣ የሦስቱም ስልክ ቁጥርና የዋሱ ፊርማ አንድ ሆኖ፣ ተበዳሪው በእርግጥ አንድ ሰው መሆኑ የሚገለጥበት ጊዜ አለ። ይህን የሚያየው የሰው ዓይን ነው።

እንዲሁም ክፍያው 90 ቀን ያለፈበት ብድር የተበላሸ ተብሎ ተመድቦ ባይመለስ ለሚደርሰው ኪሳራ መጠባበቂያ ገንዘብ ሊያዝለት ይገባል። ይህ ትርፍን ስለሚቀንስ፣ ቀኑ ሳይደርስ አዲስ ብድር ፈቅዶ በዚያው ገንዘብ አሮጌውን የሚዘጋ ሥራ አስኪያጅ አይጠፋም። በአንድ ቅርንጫፍ ያገኘሁት እንዲህ ያለ ፋይል ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም፤ አዲሱ ብድር የተለቀቀበትና አሮጌው የተዘጋበት ሰነድ በአንድ ቀን በአንድ እጅ ተጽፎ ነበር፤ ተበዳሪው ግን አንዲት ብር እንኳ ይዞ አልወጣም። ሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋ ሪፖርቱን ለማሳመር ተቀማጭ ገንዘቡ አብጦ ሐምሌ በገባ በሳምንቱ የሚጎድል ባንክ ሲገጥምዎም የየዕለቱን ሒሳብ መጠየቅ አለብዎት። እርስዎ ብድር ሠርተው ስለሚያውቁ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ከሚመጣ ሰው ይልቅ ይህ ቶሎ ይገባዎታል።

እንዲህ አጥብቄ የምናገረው ገንዘቡ የአስቀማጩ ስለሆነ ነው። የገንዘብ አስቀማጮች መድን ፈንድ ለአንድ አስቀማጭ የሚከፍለው እስከ 100,000 ብር ድረስ ነው። ቤቱን ሸጦ ገንዘቡን ባንክ ያስገባ ጡረተኛ ለቀረው ገንዘቡ የሚተማመነው ባንኩ በወጉ በመመራቱ ላይ ነው፤ የተቆጣጣሪውን ስም ግን አያውቀውም።

ስለ ዕድሜ ልክነቱ ለጠየቁት፣ የግል ባንክ እንዲቋቋም በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ሲፈቀድ ተቆጣጣሪው የሚያያቸው ተቋማት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ዛሬ ባንኮቹ ከ30 በላይ ናቸው። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ደግሞ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። ዋና መሥሪያ ቤቱ ሌላ አገር የሆነን ባንክ ሒሳብ አንብቦ የሚረዳ ሰው ስለሚያስፈልግ ሥራው እየከበደ እንጂ እየቀለለ አይሄድም። ወደ ባንክ የመመለሻው መንገድም ዝግ አይደለም፤ የብሔራዊ ባንክ ገዥ የነበሩት አቶ ለይኩን ብርሃኑ በኋላ አዋሽ ባንክን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ነገር ግን እየመረመሩት ካለ ባንክ የሥራ ጥያቄ ሲመጣልዎ ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ ወሬውንም አይጀምሩት፤ አንድ ጊዜ ከተጠረጠሩ ቀጥሎ የሚጽፉትን ሪፖርት የሚያምንልዎ የለም።

በደመወዙ በኩል ባንክዎ የጨመረልዎ ገንዘብ ለጊዜው ሊበልጥ ይችላል። ሥራውን ከተቀበሉ በመስክ ምርመራ ቡድን እንዲመደቡ ይጠይቁ፤ ቢያንስ አምስት ዓመትም ይቆዩበት። እርስዎ ወይም ቤተሰብዎ የባንክ አክሲዮን ካላችሁ ከመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ ያሳውቁ። የቀድሞ ባንክዎን እንዲመረምሩ ቢመደቡ፣ እርስዎ ራስዎ ያዘጋጁት ብድር ያለበት ፋይል እዚያ አለና ለቡድን መሪዎ ነግረው ሌላ ሰው እንዲተካዎ ያድርጉ።