የጋራውን ካሽ ከኢኤስኪውኤል ኮድ ለመጠቀም

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን እንደተረዳሁት፣ አይቢኤም ኢንተግሬሽን ባስ 10 (ሲስተሞችን በመልዕክት የሚያገናኝ ሶፍትዌር) ላይ የቅርንጫፍ ኮዶችን በኢኤስኪውኤል (የዚሁ ሶፍትዌር የፕሮግራም ቋንቋ) ሼርድ ቫሪያብል ይዘሃል። አንዱ ኢንተግሬሽን ሰርቨር (ፍሎዎችን የሚያስኬደው ፕሮሰስ) የጫነውን ሌላው አያየውም። ግሎባል ካሹን፣ ማለትም ሰርቨሮቹ ሁሉ የሚጋሩትን ጊዜያዊ ማከማቻ፣ ከኢኤስኪውኤል እንዴት ላግኘው ነው ያልከው።

ሼርድ ቫሪያብሉ አልተበላሸም። የሚጋራው በዚያው ፍሎው (መልዕክቱ ደረጃ በደረጃ የሚያልፍበት መንገድ) ውስጥ ብቻ ነው፤ ከሰርቨር ሰርቨር አይሻገርም። ስለዚህ ግሎባል ካሽ ማሰብህ ልክ ነው።

ኢኤስኪውኤል ግን ካሹን በቀጥታ የሚነካበት ትእዛዝ የለውም። መንገዱ በጃቫ በኩል ነው። አንድ ትንሽ ክላስ ጻፍና ሁለት ፐብሊክ ስታቲክ ሜቶዶች አድርግበት፤ አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል። ሁለቱም በኤምቢ ግሎባል ማፕ ክላስ ማፑን (ካሹ ውስጥ ቁልፍና ዋጋው ተጣምረው የሚቀመጡበትን) በስሙ ይጠሩታል። ኢኤስኪውኤሉ ላይ ክሪኤት ፋንክሽን ብለህ፣ ላንጉጅ ጃቫ አድርገህ፣ በኤክስተርናል ኔም የክላሱንና የሜቶዱን ስም ትሰጣለህ። ዓይነቶቹን ልብ በል። የኢኤስኪውኤሉ ካራክተር ጃቫ ላይ ስትሪንግ ይሆናል፤ ኢንቲጀር ግን ሎንግ ነው እንጂ ኢንት አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲንገላታ አያለሁ። ለማፑም የራስህን ስም አውጣለት፤ ዝም ካልከው ሁሉም የሚገባበት ዲፎልት ማፕ ውስጥ ትገባና ቁልፍህ ከሌላ ሰው ቁልፍ ጋር ሊጋጭ ይችላል።

ቁልፉ ከሌለ ጌት (የማፑ ማንበቢያ) የሚመልሰው ነል፣ ማለትም ባዶ ነው። በኢዝ ነል ፈትሽ፤ በእኩል ምልክት ካወዳደርከው መቼም እውነት አይሆንም።

መጻፉ ላይ ጠንቀቅ በል። ፑት (የማፑ መጻፊያ) ለአዲስ ቁልፍ ብቻ ነው፤ ቁልፉ ቀድሞ ካለ ኤክሴፕሽን (የስህተት ምልክት) ይወረውራል። ላለው ቁልፍ አፕዴት አለ። ብዙዎች መጀመሪያ ኮንቴንስ ኪ ብለው ይጠይቁና ከሌለ ፑት፣ ካለ አፕዴት ያደርጋሉ። ሲሞከር አሪፍ ይሰራል። ጭነት ሲመጣ ግን ሁለት መልዕክቶች እኩል ይደርሱና ሁለቱም "የለም" የሚል መልስ ያገኛሉ። ሁለቱም ፑት ይላሉ፤ የዘገየው ይወድቃል። መልዕክቱ ምንም ጥፋት ሳይኖርበት ባክአውት ወረፋ (ያልተሳኩ መልዕክቶች የሚቀመጡበት) ውስጥ ታገኘዋለህ። ስለዚህ ፑቱን በትራይ ካች ያዘው። ከወደቀ አፕዴት ሞክር፤ እሱም እምቢ ካለ ሎግ ላይ ጽፈህ ፍሎውን አስቀጥል። የቅርንጫፍ ኮዱ እንደሆነ ዳታቤዝህ ውስጥ አለልህ።

ከሁሉም በላይ አደራ የምልህ ይህን ነው፦ ካሹ ከትራንዛክሽንህ (አብሮ ከሚጸናው ወይም አብሮ ከሚሻረው ሥራ) ውጭ ነው። የጻፍከው ወዲያው ይጸናል። ቀጥሎ ያለ ኖድ (የፍሎው አንድ ደረጃ) ቢወድቅ ዳታቤዙና ወረፋው ሮልባክ ያደርጋሉ፣ ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ፤ ካሹ ግን የጻፍክበትን እንደያዘ ይቀራል። አንድ የክፍያ ፍሎው ላይ ይህ ሲሆን አይቻለሁ። መልዕክቱ እንዳይደገም ተብሎ ገና ሲገባ "ተስተናግዷል" የሚል ምልክት ካሹ ላይ ይጻፍ ነበር። ከዚያ የኋላው ሲስተም መልስ አጣና መልዕክቱ ወደ ወረፋው ተመለሰ። እንደገና ሲሞከር ካሹ "ይሄማ አልፏል" አለው። ክፍያው ሳይፈጸም እንደ ድግግሞሽ ተጣለ። ሰው ገንዘቡን እየጠበቀ ነው፣ ሎጉ ላይ ግን አንድም ስህተት የለም። እንዲህ ያለ ምልክት ቦታው ዳታቤዝ ነው፣ ያውም በዚያው ትራንዛክሽን ውስጥ።

የአንተ የቅርንጫፍ ኮድ ግን ለካሽ ይመቻል። ብዙ ይነበባል፣ እምብዛም አይቀየርም። መጀመሪያ ካሹን እይ፤ ነል ከሆነ ዳታቤዙን ጠይቅና ካሹ ላይ ጻፍ። ዕድሜም ስጠው። ማፑን ስትጠራ ሴሽን ፖሊሲ (ዕድሜውን የሚወስነውን ቅንብር) አብረህ ታስገባለህ፤ ቁጥሩ በሰከንድ ነው፣ 3600 ብትለው አንድ ሰዓት ማለት ነው። ካልሰጠኸው 0 ነው፣ በራሱ ጊዜ አይጠፋም። ያኔ ዳታቤዙ ላይ ኮድ ቢቀየር አሮጌውን ስታነብ ትኖራለህ።

ካሹ የሚኖረው ሚሞሪ ላይ ነው፤ ዲስክ ላይ አይጻፍም። ኢንተግሬሽን ኖዱ (ሰርቨሮቹን የሚያስተዳድረው) ሲጠፋ አብሮ ባዶ ይሆናል። ወደ ፕሮዳክሽን ከመሄድህ በፊት ኤምኪውኤስአይ ካሽ አድሚን በሚባለው ትእዛዝ ሾው ማፕ ሳይዝስ ብለህ ስንት ቁልፍ እንዳለ እይ። ከዚያ በክሊር ግሪድ ማፑን አጽዳና መልዕክት ላክ። ትንሽ ዘግይቶ ትክክለኛ መልስ ከሰጠህ ጨርሰሃል። "ክላሱ አልተገኘም" ካለህ ደግሞ ጃሩ (የጃቫ ክላስህ የታሸገበት ፋይል) ባር ፋይሉ (ሰርቨሩ ላይ የሚጫነው ጥቅል) ውስጥ መግባቱን ፈትሽ።