«ፍጥነቱ ሳይሻሻል ፍጥነቱ ተሻሻለ»?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ስለ ቺፕ ንድፍ የሚያወራ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። ሌተንሲንም (አንዱ ሥራ የሚፈጀውን ጊዜ) ስሩፑትንም (በተወሰነ ጊዜ የሚያልቀውን የሥራ ብዛት) «ፍጥነት» ስላልኳቸው «የቺፑ ፍጥነት ሳይሻሻል ፍጥነቱ ተሻሻለ» የሚል ጉድ ወጣኝ። ደግሞስ ሌተንሲ የማይበግረውን ቺፕ «መዘግየትን የሚታገስ» ልበለው?

መልስ፦ ጉዱ የእርስዎ ብቻ አይደለም። «ፈጠነ» የምንለው አንዱን ሥራ ቶሎ ለጨረሰም፣ በሰዓት ብዙ ለሠራም ነው።

እስቲ ወደ ማድ ቤት እንግባ። አንድ እንጀራ ምጣድ ላይ 3 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። በሰዓት 20 ይወጣል። ጋጋሪዋ 4 ምጣድ ደርድራ፣ የአንዱ አክንባሎ ሳይነሳ ሌላው ላይ ሊጥ ብታፈስ 80 ይወጣላታል። አንዱ እንጀራ ግን ያው 3 ደቂቃው ነው። 3 ደቂቃው ሌተንሲ፣ 80ው ስሩፑት።

ጂፒዩም (የግራፊክስ ቺፑም) እንዲሁ ነው። ዳታ ከዋናው ሜሞሪ እስኪመጣ በመቶዎች የሚቆጠር ሳይክል (የቺፑ ሰዓት ምት) ሊያልፍ ይችላል። ቺፑ ግን እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። አንዱ የትሬድ (በተርታ የሚፈጸም የትእዛዝ ሰንሰለት) ቡድን ሲጠብቅ ሌላውን ይሠራል። የቺፕ ኩባንያው ኤንቪዲያ ቡድኑን «ዋርፕ» ይለዋል፤ በአንዱ 32 ትሬድ አለ። ስንት ምጣድ ያስፈልጋል ለሚለው፣ ምሁሩ ጆን ሊትል በ1961 እ.ኤ.አ. ያረጋገጡት ቀመር አለ፦ በደቂቃ የሚወጣውን አንዱ በሚፈጀው ደቂቃ ያባዙት። ሜሞሪው ሲርቅ ምጣዱ ይብዛ ማለት ነው።

ወደ ቃላቱ ስመጣ፣ «መዘግየት» አይጥመኝም። ዘገየ ስንል ከቀጠሮው አለፈ ማለታችን ነው፤ ወቀሳ አለበት። በ3 ደቂቃው የወጣ እንጀራ ምኑ ዘገየ? «ጥበቃ» ደግሞ በር ላይ የቆመውን ዘበኛ ያስመጣል። እኔ «የመጠበቂያ ጊዜ» እላለሁ። ለስሩፑት «የትራፊክ ፍሰት» እንደምንለው «የዳታ ፍሰት» ይበሉ።

«የሚታገስ» ለሰው ይሁን። «ድርቅን የሚቋቋም ዘር» ለጆሯችን የተለመደ ነው፤ ግን «መቋቋም» መመከት መመከት ይላል። ቺፑ መጠበቁን አልመከተም፣ እየጠበቀ ሌላ ሠራ እንጂ። «መጠበቅ ሥራ የማያስፈታው ቺፕ» ቢሉትስ? ረዘም ይላል፣ አውቃለሁ።

ያቺ ዓረፍተ ነገርዎም እንዲህ ትሁን፦ «የመጠበቂያ ጊዜው እንዳለ ሆኖ የዳታ ፍሰቱ ጨመረ።»